ቅዳሜ በር ላይ የጠበቀኝ ልጅ

የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። አራት ጓደኛሞች ነበርን። ሰፈራችን ውስጥ ትምህርት ያቋረጡ፣ ወላጅ የሌላቸው፣ ቤት ውስጥ ዱላ ሲበዛባቸው መንገድ ላይ የሚውሉ ልጆች ነበሩ። ሁላችንም እናያቸዋለን። ሁላችንም «አንድ ነገር መደረግ አለበት» እንላለን። አንድ ማታ ግን «ታዲያ ማን ያድርገው?» ተባባልን፤ በዚያው ጀመርን። በየቅዳሜው ለወጣቶች ክፍት የሚሆን ቦታ፣ ሐሳባችን ይኸው ነበር።

ያ ቦታ ዛሬም አለ። ልጆቹም ይመጣሉ። ግን እዚህ እስክንደርስ ብዙ አበላሽተናል፤ ያበላሸነው ደግሞ የልጆች ልብ ነው። እናንተም በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር አስባችሁ ከሆነ፣ እኔ የሳትኩትን እንዳትስቱ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሰብስበን ዕቅድ አወጣን። ጠዋት የትምህርት እገዛ፣ ቀጥሎ ስለ ሕይወት ክህሎት ገለጻ፣ ከዚያ ኳስ። ወረቀት ላይ ያምራል። በእነዚያ ስብሰባዎች ላይ ግን አንድም ወጣት አልነበረም። ይህ ለማናችንም አልታየንም። የመጀመሪያው ቅዳሜ 38 ልጆች መጡ። በአራተኛው የመጡት 11 ብቻ ነበሩ። እኛም ተቀምጠን «የዛሬ ወጣት ፍላጎት የለውም» አልን። ዛሬ ያንን ዓረፍተ ነገር ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ ያመኛል።

መልሱን የሰጠችን የ16 ዓመት ልጅ ናት። ለምን እንደቀረች መንገድ ላይ አግኝቼ ጠየቅኳት። «ቲቸር፣ እኔ ቅዳሜ ጠዋት ታናናሾቼን ነው የምይዘው። ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ። በቃ ይኸው ነው። ሰዓቱን ወደ ከሰዓት አዞርነው። ታናናሾቻቸውን ይዘው እንዲመጡም ፈቀድንና ለትንንሾቹ አንድ ጥግ አዘጋጀን። ገለጻውን ተውነው፤ አንዳቸውም ፈልገውት አያውቁም ነበር። የሚፈልጉት የሥራ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ነበር። መታወቂያ እንዴት እንደሚወጣ ነበር። ሁለቱ ፀጉር ሥራ መማር ይፈልጉ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ቁጥራቸው ወደ 30 ተመለሰ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ዕቅድ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። መጠይቅ በትናችሁ አይደለም፤ ቁጭ ብላችሁ። «ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ብዙ አያወጣም፤ የለመዱት ጥያቄ ስላልሆነ «ምንም» ይሏችኋል። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት ዋልክ?» ብላችሁ ጀምሩ። ውሎውን ሲነግራችሁ ክፍተቱ የት እንዳለ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ጥፋት አለብን። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ድጋፍ ሰጪዎች ይጎበኙናል ተባለ። ልጆቹን አንድ ዓይነት ቲሸርት አለበስናቸው። ቲሸርቱ ላይ «ለችግር ተጋላጭ ወጣቶች» የሚል ጽሑፍ አለ። ፎቶ ተነሱ፤ ፎቶውም ኢንተርኔት ላይ ወጣ። በሳምንቱ አንድ ልጅ ቀረ። ትምህርት ቤት የክፍል ጓደኞቹ ፎቶውን አይተው «ተጋላጩ» የሚል ስም አውጥተውለት ኖሯል። እኛ ስለ ሪፖርታችን ስናስብ እሱ ስም ተለጠፈበት።

ሮጀር ሃርት የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ በጻፈው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል ያሳያል። የታችኞቹን ሦስቱን ተሳትፎ አይላቸውም። ልጅን መጠቀሚያ ማድረግ፣ ለጌጥ ማቆም፣ ለስም ያህል ማስገባት ናቸው። ይህን ሳነብ ያ ቲሸርት ዓይኔ ላይ መጣ። እኛ የነበርነው ጌጡ ጋ ነው። ያን ጊዜ ፎቶዎቹን ከኢንተርኔት ላይ አጠፋን። የቦታውንም ስም ቀየርን፤ አሁን ስሙ ላይ «ተጋላጭ» የሚል ቃል የለም። ማንኛውም ወጣት ሊመጣ ይችላል። ለማን እንደተቋቋመ እኛ እናውቃለን፤ በር ላይ መጻፍ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከአያቱ ጋር ነው የሚኖረው። ብዙ አያወራም። መጀመሪያ ሰሞን ወደ ውስጥ አይገባም ነበር፤ በር ላይ ይቆማል። እኔ በሁለተኛው ወር ቀረብኩት። የሒሳብ ደብተሩን አብረን ማየት ጀመርን። ቀስ በቀስ መናገር ጀመረ። ስለ አባቱ አንድ ቀን ብቻ ነገረኝ። እንደነገረኝ «አንቺም ትሄጃለሽ አይደል?» አለኝ። እኔም ሳላስብ «የት እሄዳለሁ! እኔ ሁሌም እዚህ ነኝ» አልኩት።

ይህን ስል ከልቤ ነበር። ግን በአምስተኛው ወር የሥራ ፈረቃዬ ተቀየረ። አንድ ቅዳሜ ቀረሁ። በሁለተኛውም ቀረሁ። ሦስተኛው ላይ ደክሞኝ ነበር። አራተኛው ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሦስት ጊዜ ከቀረሁ በኋላ መሄድ አሳፈረኝ። ለማንም አልነገርኩም። ከ20 በላይ ልጆች ስላሉ፣ ሌሎች ሦስት ጓደኞቼም ስላሉ፣ የእኔ መቅረት የሚታወቅ አልመሰለኝም።

ሰባት ሳምንት ቆይቼ ሄድኩ። ልጁ የለም። ጓደኛዬን ጠየቅኳት። «አራት ቅዳሜ መጥቶ በር ላይ ቁጭ አለ። ግባ ስንለው እሷን እየጠበቅሁ ነው ይላል። ከዚያ ቀረ» አለችኝ።

ቤቱ ሄድኩ። አያቱ በር ከፈቱልኝ። እማማ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ልጁ ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር እንደጀመረ ነገሩኝ። ከአንዳንድ ትልልቅ ልጆች ጋር ሆኖ ዕቃ ሰርቆ ተይዞ እንደነበረም ነገሩኝ። እኔ «እማማ፣ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ምናምን እያልኩ ነበር። አቋረጡኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንቺ ከመምጣትሽ በፊትም ብቻውን ነበር። ግን የሚጠብቀው ሰው አልነበረውም።»

ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ሁሉን ነገር ልተው አስቤ ነበር። ጉዳት ካደረስኩ ምን ብዬ እቀጥላለሁ? ሌሎች ምን እንደገጠማቸው ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። መጀመር የነበረብኝ ግን ከመነሻው ነበር። ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት አለ። በአሜሪካ አንድ ለአንድ ከአዋቂ ጋር የተጣመሩ ወጣቶችን ያያል። ግንኙነቱ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየላቸው ልጆች በብዙ ነገር ተሻሽለዋል። ሦስት ወር ሳይሞላ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ዋጋ ወርዶ ተገኘ። ጀምሮ መተው አለመጀመርን የሚያህል ነገር ይመስለኝ ነበር። ይብሳል። ከዚህ በፊት የተተወ ልጅ እንደገና ሲተው «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለው እምነቱ ይጸናል።

ያላቆምኩት ደግሞ በሌላ ንባብ ምክንያት ነው። በሃዋይ ካዋይ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ኤሚ ወርነርና ባልደረቦቿ ለአሥርት ዓመታት ተከታተሏቸው። በድህነት፣ በቤተሰብ ጠብና በመሳሰለው ከባድ ችግር ውስጥ ካደጉት ልጆች ሲሶ ያህሉ ደህና ሰው ሆነው አድገዋል። ከሚጋሩት ነገር አንዱ ከጎናቸው የማይጠፋ ቢያንስ አንድ ሰው መኖሩ ነው። ወላጅ መሆን የለበትም፤ አያት፣ መምህር፣ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ሥራዬ ያ ሰው መሆን እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ ሕጋችንን ከዚያ በኋላ ቀየርን። ከእኛ ጋር መሥራት የሚፈልግ ሁሉ ከልጅ ጋር ከመጣመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት እንደሚቆይ ቃል ይገባል። መቆየት የማይችል ሰው ይመለሳል ማለት አይደለም። ወንበር ያስተካክላል፣ ስፖርት ያጫውታል፣ ማመልከቻ ያርማል፤ ግን የአንድ ልጅ ሰው አይሆንም። እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ ሁለት አዋቂዎች ያውቁታል። አንዱ ቢታመም ወይም ሥራ ቢለውጥ ሌላው አለ። የሚቀር ሰው ከመቅረቱ በፊት ለልጁ ራሱ ይነግረዋል፤ ለአስተባባሪው መንገር ብቻ አይበቃም። «በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም፤ ከዚያ ቀጥሎ ባለው እመጣለሁ።» ይህቺን ያህል ናት። ጨርሶ የሚሄድ ካለም ከአንድ ወር በፊት ይናገራል፤ ተሰነባብቶ ይሄዳል። «ሁሌም» የሚለውን ቃል እኔ ጨርሶ ተውኩት። «እስከዚህ ቀን ድረስ አለሁ» ነው የምለው።

ልጁን ይቅርታ መጠየቅስ? ጠየቅኩት። ሦስት ጊዜ ቤቱ ሄጄ አላገኘሁትም። በአራተኛው አገኘሁት። ሥራዬን፣ ፈረቃዬን፣ ድካሜን አላነሳሁም። «እመጣለሁ ብዬህ ቀረሁ። ሳልነግርህ ነው የቀረሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንተ ምንም አላደረግክም» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። «እሺ» ብሎ ወጣ። ወደ ቅዳሜው ቦታ አልተመለሰም። ያጠፋችሁት ነገር ካለ ይቅርታ ጠይቁ፤ ግን ልጁ እንዲመለስላችሁ ብላችሁ አይሁን። የመመለስ ዕዳ የለበትም።

ስለ ምስጢርም አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመት አንዲት ልጅ ለብቻዬ ወሰደችኝና «ለማንም እንዳትነግሪ፣ ማይልኝ» አለችኝ። ማልኩላት። ከዚያ ቤት ውስጥ የሚደርስባትን ነገረችኝ። ምስጢር ሆኖ መቅረት የሌለበት ነገር ነበር። ሁለት ሳምንት ይዤው ዞርኩ። እንቅልፍ አጣሁ። እሷ ደግሞ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች። በመጨረሻ ለሚመለከተው ተናገርኩ። ልጅቷ ደህና ቦታ ገባች። እኔን ግን ለረጅም ጊዜ «ውሸታም» አለችኝ፤ ልክም ነበረች።

አሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሁሉም የምንናገረው ነገር አለ። «የምትነግሩኝን ለወሬ አላወጣም። ግን ሰው ጉዳት እያደረሰባችሁ ከሆነ፣ ወይም ራሳችሁን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዱ ከሆነ፣ ሊረዳ ለሚችል ሰው መንገር አለብኝ። ከመናገሬ በፊት ግን ለእናንተ እነግራለሁ።» ብዙ ሰው «እንዲህ ካልኳቸው ምንም አይነግሩኝም» ብሎ ይፈራል። እኛ ያየነው ሌላ ነው፤ ይነግሩናል። አንዳንዱ እንዲያውም የሚነግረን አንድ ነገር እንድናደርግለት ፈልጎ ነው።

ልጁ «መኖር ሰልችቶኛል» ዓይነት ነገር ካለ ደግሞ በቀጥታ ጠይቁት። «ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይጨምርበት በጥናት የታወቀ ነው። ተረጋግታችሁ ጠይቁ፣ ብቻውን አትተዉት፣ የዚያኑ ዕለት ወደ ባለሙያ አድርሱት። እኛ በጎ ፈቃደኞች ነን፤ ሐኪም አይደለንም። ለዚህ ነው ሥራ ሳትጀምሩ ዝርዝር መያዝ ያለባችሁ፦ ጤና ጣቢያ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የሕፃናት ጉዳይ የሚይዝ ፖሊስ፣ ነፃ የሕግ ምክር፣ መጠለያ። ስልክ ቁጥር መያዝ ብቻ አይበቃም። ሄዳችሁ ተዋወቁ፤ ማን በየትኛው ቀን እንደሚገኝ እወቁ። እኛ በዚያች ልጅ ጊዜ የደወልንለት ስልክ አይሠራም ነበር።

አንድ ደስ የማይል ነገር ልጨምር፣ ዝም ብዬ ባልፈው ጥፋት ነው። ልጆች የሚሰበሰቡበት ቦታ ጥሩ ሰው ብቻ አይመጣም። ክፉ ሐሳብ ያለውም ሰው ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በጣም ትጉ ሆኖ ነው። ስለዚህ የሚመጣውን አጣሩ፤ ከዚህ በፊት አብረውት የሠሩትን ሰዎች ጠይቁ። ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይቀመጥ። ለብቻ መነጋገር ካስፈለገ በሩ ክፍት ይሁን ወይም ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን። ማታ ማታ ለልጅ በግል መልእክት መላላክ የለም። ይህ ሕግ ለእኔም ይሠራል። «እኛ እንተዋወቃለን» የሚባል ነገር የለም።

ልጆቹን በቡድን ስንከፍልም ስተናል። «አስቸጋሪ» ያልናቸውን ስድስት ወንዶች ለይተን አንድ ላይ አደረግናቸው። ትኩረት እንስጣቸው ብለን ነው። እነሱ ግን ከእኛ የተማሩት ትንሽ ነው፤ እርስ በርስ የተማሩት ይበዛል። ማን ምን እንዳደረገ ሲናገር ሌሎቹ ይስቃሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚስቅለት የፈለገ ሌላው የባሰ ይዞ ይመጣል። ከዚያ የቀድሞ እስረኛ ጠርተን እንዲያስፈራራቸው አደረግን። ሁለቱ ፈርተው ሳይሆን ተደንቀው ወጡ። በኋላ ሳነብ እንዲህ ያለው ማስፈራራት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሰፊው ተሞክሯል፤ ውጤቱን ያወዳደሩ ጥናቶች ወንጀልን ከመቀነስ ይልቅ እንደሚጨምር አሳይተዋል።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች 506 ወንዶች ልጆች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ለዓመታት አማካሪ፣ የትምህርት እገዛ፣ የክረምት ካምፕ አገኙ። ግማሾቹ ምንም አላገኙም። ከ30 ዓመት በኋላ ጆአን ማኮርድ የተባለች ተመራማሪ ፈልጋ አገኘቻቸው። ብዙዎቹ «ረድቶኛል» አሉ። መረጃው ግን እገዛውን ያገኙት በአንዳንድ መለኪያ ከሌሎቹ ብሰው እንደተገኙ አሳየ። በተለይ ካምፕ ደጋግመው የተላኩት። ልጆቹ ስላመሰገኑን ብቻ እየረዳናቸው ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ተምሬአለሁ። ስለዚህ አሁን በየስድስት ወሩ እንቆጥራለን፦ ማን ትምህርት ላይ አለ? ማን ሥራ አገኘ? ማን ጠፋ? የጠፋውን እንፈልጋለን። ስድስቱን ልጆችም በተንናቸው፤ እያንዳንዱን ከተለያየ ልጅ ጋር በአንድ ሥራ ላይ አቀላቀልነው። አንዱ ብስክሌት መጠገን ይችል ነበር። ለትንንሾቹ እንዲያስተምር ጠየቅነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርፍዶ አያውቅም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። አንድ ጊዜ ለአንድ ዓመት የሚሆን ድጋፍ አገኘንና ሰፊ ቦታ ተከራየን። ዓመቱ ሲያልቅ ቦታው ቀረ፤ ልጆቹም ሌላ መለየት አዩ። አሁን መሠረቱን ያለ ድጋፍ በሚቆም መጠን ነው የምንሠራው። ድጋፍ ሲገኝ ለሥልጠና ክፍያና ለመሣሪያ ይውላል፤ ለኪራይ አናውለውም።

ራሳችሁንም አትርሱ። በወር አንድ ቀን አዋቂዎቹ ብቻችንን እንቀመጣለን። የሰማነው ነገር ይከብዳል፤ ወደ ቤት ይዘነው እንዳንገባ እዚያ እናወራዋለን። ይህን ከመጀመራችን በፊት ከአራታችን ሁለቱ ወጥተው ነበር። እኔም ያን ጊዜ «ደክሞኛል» ስል የሚሰማኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ምናልባት ሰባት ሳምንት አልጠፋም ነበር።

ያ ልጅ አሁን 20 አልፎታል። ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ወደ እኛ አይመጣም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ሰላም ይለኛል። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። የ12 ዓመት የአክስቱን ልጅ ይዞ ነበር። ወደ ውስጥ አልገባም። «እሱን የሚይዘው ማን ነው?» አለኝ። ሁለቱን አዋቂዎች፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ ጠርቼ አስተዋወቅኳቸው። «እስከ መቼ ናቸው?» አለኝ። ነገርኩት። «ጻፊልኝ» አለ። የሁለቱን ስምና ቀኑን በወረቀት ጻፍኩለት። አነበበው፣ አጠፈው፣ ለልጁ ሰጠው። ልጁም ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ገባ።